አፉን ያልፈታ ልጅ፣ ንግግሩ የተያዘበት አዋቂ፦ መጠበቅ የሚበቃው መቼ ነው?

አንድ ልጅ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃላትን ማገጣጠም ካልጀመረ፣ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ ወይም ይናገረው የነበረውን ከተወ ወላጆቹ ባለሙያ ማማከር ይኖርባቸዋል። የአዋቂ ሰው ንግግር በድንገት ሲያዝ ደግሞ ጉዳዩ የሰዓታት ጉዳይ ነው። በገጠርም ሆነ በከተማ ግን ሁለቱም ሁኔታዎች “ይቆይ፣ ይፈታል” እየተባለ የሚታለፉበት ጊዜ አለ። ይህ ጽሑፍ በደባርቅ፣ በዳባትና በሊማሊሞ ግርጌ ለሚኖሩ አንባቢያን የትኛው ምልክት በትዕግሥት ሊታይ እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም እንደሚያስኬድ ያብራራል። በቤት ውስጥ ሊደረግ ስለሚችለው እርዳታም ያነሳል።

የንግግር ሕክምና ምንድን ነው?

የንግግርና የቋንቋ ሕክምና የሚሰጠው በክኒን ወይም በመርፌ አይደለም። ባለሙያው በመጀመሪያ የሰውየውን መስማት፣ መረዳት፣ የአፍና የምላስ እንቅስቃሴ፣ የድምፅ አወጣጥና የመዋጥ ችሎታ ይመረምራል። ከዚያም ለችግሩ የሚስማማ ልምምድ ያዘጋጃል፤ ቤተሰቡም ልምምዱን በየዕለቱ እንዲቀጥል ያሠለጥናል። ስለዚህ የሕክምናው ትልቁ ክፍል የሚከናወነው በክሊኒክ ሳይሆን በቤት ውስጥ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ሙያ ገና ለጋ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ባለሙያዎችን በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር የጀመረው በቅርብ ዓመታት ሲሆን፣ ባለሙያዎቹ በቁጥር ጥቂት፣ በአብዛኛውም በአዲስ አበባ የሚገኙ ናቸው። አማርኛን የሚመለከት ጥናትም ብዙ አይደለም። ከሚጠቀሱት አንዱ አበባየሁ መሠለ መኮንን በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት የዶክትሬት ጥናት ነው፤ ጥናቱ የተሰነጠቀ ላንቃቸው በቀዶ ሕክምና የተጠገነላቸው አማርኛ ተናጋሪ ሕፃናት ድምፆችን እንዴት እንደሚያወጡ የመረመረ ነው። ባለሙያ በቅርብ በማይገኝበት አካባቢ ምልክቶቹን አስቀድሞ የማወቁ ኃላፊነት በወላጅ፣ በመምህርና በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ላይ ይወድቃል።

በልጆች ላይ በየዕድሜው የሚታዩ ምልክቶች

ልጆች እኩል አይፈጥኑም። አንዱ በ10 ወሩ “አባ” ሲል ሌላው 1 ዓመት ከመንፈቅ ሊቆይ ይችላል። ይሁን እንጂ ልዩነቱ ገደብ አለው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ምልክቶች ከታዩ መጠበቁን ትቶ ምርመራ መጠየቅ ይገባል።

እስከ 6 ወር፦ በር በኃይል ሲዘጋ ወይም ውሻ ሲጮኽ የማይደነግጥ፣ የእናቱን ድምፅ ሰምቶ ዓይኑን ወይም ራሱን የማያዞር።

እስከ 12 ወር፦ “ባባባ”፣ “ማማማ” እያለ የማይለፈልፍ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ የሚፈልገውን በእጁ የማያሳይ፣ እጁን አወዛውዞ የማይሰናበት።

እስከ 18 ወር፦ ትርጉም ያላቸው ጥቂት ቃላት እንኳ የሌሉት፣ “ና”፣ “ስጠኝ” የሚሉ ቀላል ትእዛዞችን ያለ እጅ ምልክት የማይረዳ።

እስከ 2 ዓመት፦ “አባ መጣ”፣ “ውኃ ስጪ” እንደሚሉት ያሉ ሁለት ቃላትን የማያገጣጥም፣ የሚያውቃቸው ቃላት 50 የማይሞሉ።

እስከ 3 ዓመት፦ በአጭር ዓረፍተ ነገር የማይናገር፣ ከቤተሰቡ ውጭ ያለ ሰው አብዛኛውን ንግግሩን የማይረዳለት።

እስከ 4 ዓመት፦ እንግዳ ሰው ንግግሩን የማይረዳለት፣ የዋለበትን በቅደም ተከተል ለመናገር የሚቸገር።

በማንኛውም ዕድሜ፦ ይናገራቸው የነበሩትን ቃላት የተወ ወይም ከሰው ጋር መጫወትን ያቆመ። ይህ ምልክት ፈጽሞ መጠበቅን አይፈቅድም።

አንዳንድ ድምፆች ዘግይተው መስተካከላቸው የተለመደ ነው። የ3 ዓመት ልጅ “ራት” ለማለት “ላት”፣ “ከበሮ” ለማለት “ተበሮ” ቢል የሚያሰጋ አይደለም። እንደ “ጥ”፣ “ጭ”፣ “ጽ” እና “ቅ” ያሉት ጠንካራ ድምፆች ከሌሎቹ ዘግይተው ሊስተካከሉ ይችላሉ። ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲቃረብም ኮልታፋነቱ ካልለቀቀው ግን ምርመራ ያስፈልገዋል፤ የሚናገረው ድምፅ ያልጠራለት ልጅ ፊደል ሲቆጥርም ሊቸገር ይችላልና።

ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት ቤት የሚያድግ ልጅ ከሁለቱም የተወሰኑ ቃላትን እያቀላቀለ ቢናገር ችግር አይደለም። ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግርን አያዘገይም። የልጁ ቃላት ሲቆጠሩ በሁለቱም ቋንቋዎች የሚያውቃቸው ተደምረው መቆጠር አለባቸው።

ከሁሉ በፊት ጆሮ ይመርመር

ያልሰማ ልጅ አይናገርም። ንግግሩ የዘገየ ልጅ ሁሉ አስቀድሞ የመስማት ምርመራ ሊደረግለት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ወላጆች “ይሰማል፤ ስንጠራው ይዞራል” ሊሉ ይችላሉ። ልጁ የዞረው ግን ጥላ አይቶ ወይም የእግር ኮቴ ንዝረት ተሰምቶት ሊሆን ይችላል። በቤት ውስጥ ለመገመት ልጁ በሌላ ነገር ተጠምዶ ሳለ ከጀርባው ሆኖ፣ ሳይነኩትና ጥላ ሳያጠሉበት በለሆሳስ መጥራት ይቻላል። ይህ ግምት ብቻ ስለሆነ የባለሙያን ምርመራ አይተካም።

የጆሮ መግል ሌላው ብዙ ጊዜ የሚናቅ ምክንያት ነው። ጆሮው በተደጋጋሚ የሚመግል ልጅ ቃላትን እየቆራረጠ ስለሚሰማ ንግግሩም የተቆራረጠ ሊሆን ይችላል። በጆሮ ውስጥ ዘይት፣ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ ማፍሰስ ጉዳቱን ሊያባብሰው ስለሚችል አይመከርም። የማጅራት ገትር ሕመም የነበረበት ልጅም ከዳነ በኋላ ወዲያው ጆሮው ሊመረመር ይገባል፤ ሕመሙ መስማትን ሊያጠፋ ይችላል።

ልጁ መስማት የተሳነው ሆኖ ከተገኘ ቤተሰቡ የምልክት ቋንቋን በጊዜ ቢጀምር ይጠቀማል። የምልክት ቋንቋ ንግግርን አያግድም፤ ይልቁንም ልጁ ማሰብና መግባባት የሚማርበትን ዕድሜ ከመባከን ያድነዋል።

እንቅርት፣ ጨውና የልጅ አንደበት

በሰሜን ተራሮች አካባቢ ይህን ጉዳይ ሲያነሱ አዮዲንን መዝለል አይቻልም። በከፍተኛ ቦታዎች ዝናብና የአፈር መሸርሸር አዮዲንን ከመሬቱ አጥቦ ስለሚወስድ በዚያ መሬት የበቀለው እህልም አዮዲን ያንሰዋል። በዳባት ወረዳ በተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንቅርት በአካባቢው የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑን አሳይቷል።

እንቅርት በአንገት ላይ የሚታይ እብጠት በመሆኑ ብዙዎች የመልክ ጉዳይ ብቻ አድርገው ያዩታል። ከባዱ ጉዳት ግን የሚደርሰው በማይታየው ጽንስ ላይ ነው። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን በብርቱ ካነሳት የሚወለደው ልጅ መስማት የተሳነው፣ አፉን የማይፈታ ወይም አእምሮው በሚገባ ያልዳበረ ሊሆን ይችላል። ይህ ጉዳት አንዴ ከደረሰ በኋላ የንግግር ሕክምና ሊያግዝ እንጂ ሙሉ በሙሉ ሊመልሰው አይችልም። መከላከያው ግን ቀላልና ርካሽ ነው፤ አዮዲን ያለው ጨው መመገብ ነው።

ጥንት አሞሌ የጫኑ ነጋዴዎች ሊማሊሞን ወጥተው ወደ ጎንደር ይገቡ ነበር። ያ ጨው አዮዲን አልተጨመረበትም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ያስገድዳል። ስለዚህ በገበያ ላይ ጨው ሲገዛ የታሸገና አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን መምረጥ ይገባል። በቤት ውስጥም ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይ፣ ከምድጃና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ። ወጥ ሲሠራም አዮዲኑ በሙቀት እንዳይቀንስ ጨው መጨመር የሚሻለው ወጡ ሊወጣ ሲል ነው።

እንጥል ማስቆረጥ ንግግርን አያፈታም

ልጅ ሲያስለው፣ ጉሮሮው ሲያብጥ ወይም አፉን ለመፍታት ሲዘገይ እንጥሉን ማስቆረጥ በክልላችን የቆየ ጎጂ ልማድ ነው። እንጥልን መቁረጥ ንግግርን አያፋጥንም። የሚያስከትለው ጉዳት ግን ብዙ ነው፤ ደም መፍሰስ፣ ቁስል ማመርቀዝ፣ መንጋጋ ቆልፍና በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ይጠቀሳሉ። ምላጩ ወደ ላንቃ ከዘለቀ ደግሞ ምግብ በአፍንጫ እንዲመለስና ልጁ እየነፈነፈ እንዲናገር ሊያደርግ ይችላል። ንግግር ይረዳል የተባለው ምላጭ ራሱ ንግግርን ያበላሻል ማለት ነው።

ስለ ምላስ ክርም ተመሳሳይ ግንዛቤ ያስፈልጋል። “ምላሱ ታስሮ ነው” የሚባልላቸው አብዛኞቹ ልጆች የዘገዩበት ምክንያት ምላሳቸው አይደለም። ክሩ በእርግጥ አጥሮ ሕፃኑ ጡት መጥባት ከተሳነው በጤና ተቋም ታይቶ ይወሰናል እንጂ በቤት አይቆረጥም።

የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ

ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ የቁጣ ወይም የእርግማን ምልክት አይደለም፤ በጽንስ ጊዜ የፊት ክፍሎች ሳይገጣጠሙ በመቅረታቸው የሚከሰት ነው። ከንፈር በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ላንቃ ደግሞ ልጁ ብዙ መናገር ሳይጀምር፣ በ1 ዓመት አካባቢ ቢጠገን ለንግግሩ ይበጃል። የላንቃ መሰንጠቅ ከውጭ ስለማይታይ ጡት ሲጠባ ወተቱ በአፍንጫው የሚመለስ ሕፃን አፉ ውስጥ በሚገባ ሊታይ ይገባዋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ብዙ ልጆች የንግግር ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ይህን ሕክምና ከንግግር ሕክምና ጋር አጣምረው ከሚሰጡት አንዱ ነው።

ሲንተባተብ ምን ይደረግ?

ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ብዙ ልጆች ለጊዜው ይንተባተባሉ፤ አብዛኞቹም በራሳቸው ይተዉታል። መንተባተቡ ከ6 ወር በላይ ከቆየ፣ ልጁ ቃሉን ለማውጣት ፊቱን ካኮማተረ ወይም ዓይኑን ከጨፈነ፣ መናገር ከፈራ፣ በቤተሰቡም እስከ አዋቂነት የዘለቀ መንተባተብ ካለ ግን ባለሙያ ይፈለግ።

“ቀስ በል”፣ “ትንፋሽ ውሰድ”፣ “እንደገና በለው” ማለት ለልጁ ጭንቀት እንጂ እርዳታ አይሆነውም። ቃሉን ቀምቶ መጨረስም እንዲሁ ነው። የሚረዳው አዋቂው ራሱ ረጋ ብሎ መናገሩ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ እስኪጨርስ መታገሡና ከአነጋገሩ ይልቅ ለተናገረው ነገር መልስ መስጠቱ ነው። በኦሪትም በቁርዓንም ሙሴ የአንደበቱን መያዝ ለፈጣሪው እንደተናገረ ይታወቃል፤ ሕዝብን ከመምራት ግን አልከለከለውም። ትምህርት ቤት ውስጥ በተንተባተበ ልጅ ላይ መሳቅን መምህራን ሊከላከሉ ይገባል።

ቃል ሳይሆን መግባባት ሲጎድል

አንዳንድ ልጅ ቃላት እያሉት ከሰው ጋር አይግባባም፤ ዓይን አያይም፣ አንድን ንግግር ደጋግሞ ያስተጋባል፣ ከልጆች ጋር አይጫወትም፣ ልማዱ ሲለወጥበት በብርቱ ይረበሻል። ይህ የኦቲዝም ምልክት ሊሆን ይችላል። ኦቲዝም ከእናት አስተዳደግ ወይም ከክፉ መንፈስ የሚመጣ አይደለም። በኢትዮጵያ ጉዳዩ በአደባባይ እንዲነገር ካደረጉት መካከል እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ቀዳሚ ናቸው። ከዚያ በፊት በየቤቱ ተደብቀው ይኖሩ ለነበሩ ልጆች በር ከፍተዋል፤ አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ በድምፅ አወጣጥ ላይ የተመሠረተ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተዋል። ልጅን መደበቅ የመጀመሪያዎቹንና እጅግ ጠቃሚ የሆኑትን የመማሪያ ዓመታት ያሳጣዋል።

በአዋቂዎች ላይ፦ በድንገት የሚመጣና ቀስ ብሎ የሚመጣ

የአዋቂ ሰው ንግግር በድንገት ከተሳሰረ፣ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ወይም እግሩ ከዛለ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። “መንፈስ በጥፊ መታው”፣ “ምች ነው” እያሉ ማሳደር ሕይወትንም አንደበትንም ያሳጣል። ምልክቱ በተወሰኑ ደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋ እንኳ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። እስከዚያው የሚከተሉት ይጠበቁ፦

ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ማስታወስ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ይጠይቃልና።

የመዋጥ ችሎታው እስኪመረመር ድረስ ውኃም፣ ወተትም፣ መድኃኒትም በአፍ አለመስጠት።

ራሱን የሳተ ከሆነ በጎኑ ማስተኛት።

የወረዳውን አምቡላንስ መጥራት፤ ካልተገኘም ያለውን ተሽከርካሪ መጠቀም። ከሊማሊሞ በታች ላሉ ቀበሌዎች ጠመዝማዛው መንገድ ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ በውሳኔ ላይ የሚባክን ሰዓት ሊኖር አይገባም።

ከስትሮክ በኋላ ንግግሩ የጠፋበት ሰው አእምሮው የጠፋበት ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን የሚባለውን ይሰማል፣ ይረዳል፤ ቃሉን ግን አያገኘውም። ስለዚህ በፊቱ እንደሌለ ሰው ማውራት፣ ስለ መሬቱና ስለ ንብረቱ ሳያማክሩት መወሰን ከባድ በደል ነው። አጭር ጥያቄ መጠየቅ፣ “አዎ” ወይም “አይ” የሚያስብል ምርጫ መስጠት፣ ዕቃውን ወይም ሥዕሉን እያሳዩ መነጋገር ይረዳል። አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ያቃተው ሰው “አቡነ ዘበሰማያት”ን ወይም ፋቲሓን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊደግም፣ የሚያውቀውንም ዜማ ሊያዜም ይችላል፤ ለዘመናት የተለማመዳቸው ቃላት በሌላ መንገድ ይወጡለታልና። የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ይህን መነሻ አድርገው ያሠሩታል። ለውጡ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጣን ቢሆንም ከዚያ በኋላም ይቀጥላል።

ቀስ ብለው የሚመጡ ምልክቶችም አሉ። ጉንፋን ሳይኖር ከ3 ሳምንት በላይ የጎረነነ ወይም የሰለለ ድምፅ በሐኪም መታየት አለበት፤ የጉሮሮ ካንሰር፣ የሳንባ ነቀርሳ ወደ ጉሮሮ መዛመት ወይም በእንቅርት ምክንያት የድምፅ ነርቭ መጎዳት ሊሆን ይችላል። መምህራን፣ ካህናት፣ ሙአዚኖች፣ አዝማሪዎችና በገበያ ውለው የሚጣሩ ነጋዴዎች ድምፃቸውን አብዝተው ስለሚጠቀሙ ውኃ አዘውትረው ቢጠጡ፣ በየመሐሉም ድምፃቸውን ቢያሳርፉ ይጠቀማሉ። ሲበሉና ሲጠጡ አዘውትሮ ትን የሚላቸው፣ ከውኃ በኋላ ድምፃቸው የሚያንኳርር ወይም የሳምባ ምች የሚመላለስባቸው አረጋውያን የመዋጥ ችግር ሊኖርባቸው ይችላል። ከመውደቅ ወይም ከተሽከርካሪ አደጋ በኋላ ንግግሩ የተለወጠ ሰውም ምርመራ ያስፈልገዋል።

ወዴት መሄድ ይቻላል?

መነሻው የቀበሌው ጤና ኬላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ልጁን አይታ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች፤ ከጤና ጣቢያው ወደ ደባርቅ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ከዚያም ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካል። በጎንደር የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕክምና፣ የሕፃናት ሕክምናና የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት ይገኛል። ዩኒቨርሲቲው አካል ጉዳተኞችን በሚኖሩበት አካባቢ የሚደግፍ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ፕሮግራምም አለው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ደረጃውን ጠብቀው የሪፈር ወረቀታቸውን ይዘው መሄዳቸው ከአላስፈላጊ ወጪ ያድናቸዋል።

ወደ ሐኪም ሲኬድ ልጁ መቼ ዳዴ እንዳለ፣ መቼ እንደቆመ፣ የመጀመሪያ ቃሉን መቼ እንደተናገረ፣ የወሊዱን ሁኔታና ያለፉበትን ሕመሞች አስታውሶ መሄድ ይጠቅማል። በእጅ ስልክ የተቀረጸ የልጁ ንግግርም ለሐኪሙ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጸበል የሚሄዱ ቤተሰቦች ጸበሉንና ሕክምናውን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላሉ፤ መድኃኒትና ቀጠሮ ግን ሊቋረጥ አይገባም።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

ልጅ ቋንቋን የሚማረው ከሚያነጋግረው ሰው ነው። ስልክና ቴሌቪዥን ያወራሉ እንጂ የልጁን ቃል ሰምተው አይመልሱም፤ በተለይ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ የንግግር አስተማሪ አይሆኑም። እናት እንጀራ ስትጋግር፣ አባት በሬ ሲጠምድ፣ ታላቅ እህት ውኃ ስትቀዳ የሚሠሩትን እየጠሩ ሊያወሩት ይችላሉ።

ልጁ “ላም” ካለ “አዎ፣ ላሟ ሣር ትበላለች” ብሎ ማስፋት፣ ሲጠይቁት መልሱን ቀምቶ ከመመለስ ይልቅ በልብ እስከ አምስት ቆጥሮ መጠበቅ፣ ሲሳሳት ከመሳቅና “በለው” ብሎ ከማስገደድ ይልቅ ትክክለኛውን ቃል አጥርቶ መልሶ መናገር የተፈተኑ ዘዴዎች ናቸው። ቡና ሲፈላ ልጁም በጨዋታው እንዲካፈል ማድረግ፣ ማታ ተረት መንገር፣ ከፍ ሲል ደግሞ “እንቆቅልሽ” መጫወት ለልጁ አንደበት ከማንኛውም ውድ መጫወቻ ይበልጥ ይጠቅማሉ።

ይህ ሁሉ ምርመራን የሚተካ ሳይሆን የሚያግዝ ነው። ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ ያሉት ሳምንታት በጨዋታ ከተሞሉ አልባከኑም። ምርመራው ልጁ ደህና መሆኑን ቢያሳይ ቤተሰቡ ያጣው የአንድ ቀን መንገድ ብቻ ነው፤ ችግር ካለ ግን በ2 ዓመት የተጀመረ እርዳታ በ7 ዓመት ከሚጀመረው እጅግ ይሻላል።